የጓሮው ክፍል ሰው አለበት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ
ከቁምሳጥኑ ጀርባ

ይድረስ ለውዷ እታለሜ፤

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብላ እማዬ አጠገቤ ቆማለች። እሺ፣ እንዴት ነሽ? ጋሼስ? የተከራያችሁት ክፍል መስኮት አለው ወይ? ይኼ የመጨረሻው የእማዬ ጥያቄ ነው። እኔ ብሆን በር አለው ወይ ብዬ ነበር የምጠይቀው። በር የሌለው ክፍል ምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል፤ ምክንያቱም ይህን የምጽፍልሽ ከእናንተ ቦታ ሆኜ ነው።

እናንተ ከሄዳችሁ ብዙም ሳይቆይ አባባ «ቦታው ባዶ አይደር» ብለው ወደ ሳሎን አዛወሩኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተኛችሁበት አልጋ ላይ ነኝ። በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን የቁምሳጥኑ ጀርባ፣ በእግርጌ እማዬ የሰቀለችው መጋረጃ። አባባ ከማዶ ሲያዛጉ ይሰማኛል። እኔ ገጽ ስገልጥ ደግሞ ለእሳቸው ይሰማቸዋል፤ «ምን እያነበብሽ ነው?» ይሉኛል በቁምሳጥኑ በኩል፣ ከኮቶቹ መሃል የሚናገር መንፈስ ይመስል። ያኔ «እነዚህ ባልና ሚስት ሲስቁ ለምንድነው ትራስ የሚነክሱት?» እያልኩ አሾፍባችሁ ነበር። መልሱን አገኘሁት፤ አፈርኩም።

እማዬ ሄደች፤ ድስቷ ሊያርርባት ነው። አሁን እውነቱን ልጻፍልሽ። ይህ ደብዳቤ እንዲያስቅሽ ነበር ያሰብኩት። ቀልዱን ሰብስቤ፣ አሳምሬ፣ በቃሌ ሁሉ ይዤው ነበር። እጄ ላይ ተበላሸ። እንዴት እንደተበላሸ ነው የምነግርሽ።

አባባን ታውቂያቸዋለሽ። ጋሼ በሠራላቸው ጥርስ እያኘኩ ጋሼን የሚሰድቡ ሰው ናቸው። አማቻቸው የጥርስ ቴክኒሺያን ባይሆን ኖሮ ግማሹ ስድብ በድዳቸው መሃል ሾልኮ ይቀር ነበር። «እኔ በእሱ ዕድሜ ቤት ሠርቼ፣ አጥር አጥሬ፣ ውሻ አስሬ ነበር» የሚለው ንግግር እናንተ ከሄዳችሁም በኋላ አልቀረም፤ ሰሚ ስላጡ ወደ እኔ ዞረ። ውሻው ደግሞ በየጊዜው ያድጋል። መጀመሪያ ቡችላ ነበር፤ አሁን ሌባ ይዞ የሚያሳድር ሆኗል።

የጓሮውን ክፍል ነገር አንቺው ኖረሽበታል፤ ግን ልድገመው፣ እንደሱ ያለ ሒሳብ ሌላ ቦታ አይገኝማ። ከልጅ ኪራይ መቀበል ነውር ነው። በነጻ መስጠት ደግሞ ልጅን ማበላሸት ነው። ስለዚህ ልጅ ከነባሏ ከቁምሳጥን ጀርባ ትተኛለች፤ ክፍሉ ለባዳ ይከራያል። ለነዚያ ለነርሷና ለኤሌክትሪሺያኑ ባሏ ማለቴ ነው። በየስድስት ወሩ አባባ ሄደው በራቸውን ያንኳኩና ጭማሪ ይነግሯቸዋል። «እኔ ምን ላድርግ፣ ገበያው ነው» ይላሉ፤ ገበያው የሆነ ቦታ የሚኖር ክፉ ዘመድ ይመስል። ከዚያ ወደ ቤት ይመለሱና ወጣቶች ለምን እንደማያጠራቅሙ ለእናንተ ያስረዳሉ።

ስለ «ቋሚ እንግዳ»ም ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ስሙን ለጋሼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በእኛ መሃል የነበረ ቀልድ ነው፤ እሱ ራሱ ስቆበታል። አባባ ግን ከኮቶቹ ማዶ ሰምተው ኖሮ፣ ያን ዕለት ለምሳ በመጡት እንግዶች ፊት «ይኼ ደግሞ ቋሚ እንግዳችን ነው» ብለው አስተዋወቁት። ጋሼ ማንኪያውን በቀስታ ሲያስቀምጥ አየሁ። በማግስቱ ሻንጣችሁ ወጣ። ይቅር በለኝ በይልኝ። በጽሑፍ የምጠይቀው ፊቴን እንዳያይ ነው።

እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ እማዬ ዝም አለች። የእማዬን ዝምታ ታውቂዋለሽ፤ ሳህኑ ይናገርላታል። አንድ ቀን ምሳ ላይ አባባ እንደልማዳቸው «ጭንቅላት ያለው ወጣት ቢሆን እስካሁን ቤቱን ገዝቶ ነበር» ሲሉ ሳህኑ ጸጥ አለ፤ እማዬ ተናገረች።

«መሬቱን መሥሪያ ቤትህ በነጻ ሰጠህ። ጣውላውን ወንድሜ በመኪናው አመላለሰልህ። ግድግዳውን ጓደኞችህ በየእሑዱ እየመጡ አቆሙት። አንተ ውሻውን አሰርክ።»

አባባ ጥርሳቸውን አንቀሳቀሱ። ሲናደዱ ጥርሱ ቦታውን እንደሚለቅ አትረሺም። እስኪያስተካክሉት ድረስ ሁላችንም ጠበቅን።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «እኔው እፈልግላቸዋለሁ። ባጠራቀሟት። ቤት ጠፍቶ ሳይሆን ፈላጊ ጠፍቶ መሆኑን ታያላችሁ። ጩጬም አብራኝ ሄዳ ትመስክር።»

እኔን ምስክር አድርገው የቀጠሩኝ እንዲህ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው በር ላይ ቆመዋል፤ ቤት ሊያዩ ሳይሆን አገር ሊረከቡ የሚሄዱ ይመስላሉ። መጀመሪያ ያገኘነው ደላላ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ በመሃል ለእኛ የሚመልስ ሰው ነው። አንድ ያላለቀ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ወሰደን። ሊፍቱ «በቅርቡ» ነው፤ ውሃው «በቅርቡ» ነው፤ የክፍሉ በርም «በቅርቡ»። ዋጋው ብቻ ነው አሁን ያለው። አባባ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ዕይታውን አደነቁ። ዕይታው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነበር፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ግን በደንብ አደነቁት። ላይ ደርሰን ደላላው ዋጋውን ሲነግራቸው ሳቅ አሉ።

«የሕንፃውን አይደለም የጠየቅሁህ» አሉት።

ደላላው ሁለቱንም ስልክ ከጆሮው አወረደ። አዘነላቸው መሰለኝ።

ከዚያ «ባንክ የተፈጠረው ለምንድነው?» ብለው ባንክ ወሰዱኝ። ወረፋችን ሲደርስ የተቀበለን ክራቫት ያሰረ፣ ከጋሼ የማይበልጥ ልጅ ነው። ረጋ ብሎ አስረዳን። ባንኩ የሚያበድረው ቀሪውን ነው፤ መጀመሪያ የሚከፈለውን ገዢው ራሱ ማምጣት አለበት። ያንን ለማምጣት ማጠራቀም፣ ለማጠራቀም ኪራይ አለመክፈል፣ ኪራይ ላለመክፈል ደግሞ ቤት መኖር አለበት። እስከዚያም ቤቱ ሳይወደድ ቆሞ መጠበቅ አለበት፤ እሱ ደግሞ አይጠብቅም። አባባ ይህን ደጋግመው አስነገሩት፤ ልጁ የተሳሳተበትን ቦታ ለማግኘት። አላገኙም።

«አንተስ ቤትህ የት ነው?» አሉት፤ እንደመጨረሻ ጥይት።

ልጁ ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። «ከእናቴ ጋር ነኝ» አለ።

«እኔ በአንተ ዕድሜ…»

«አባቴ፣ በእርስዎ ጊዜ ቢሆን እኔም ይኖረኝ ነበር» አለ፤ በጣም በትሕትና።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ስለ ውሻው አላነሱም። «ጨዋ ልጅ ነው» ብቻ አሉ፤ ቆየት ብለው ደግሞ «አስተዳደጉ ጥሩ ነው» አሉ፤ ያው እናቱን ማመስገን ብቻ ስለቀራቸው።

መግዛቱ በዚህ ቀረ። ለእማዬ ግን ቀረ አይባልም፤ «ለጊዜው ጥሩ የሚከራይ ይገኝላቸውና…» ተባለ። አሁን ኪራይ ፍለጋ ገባን፤ እኔም የሕይወቴን ምርጥ ጊዜ ማሳለፍ ጀመርኩ። አባባን እንደ ተከራይ ሆነው ማየት ነበረብሽ! «ይኼማ ዘረፋ ነው» ይላሉ፤ ነርሷ ከምትከፍለን ያነሰ ዋጋ ሲነገራቸው። «በዚህች ጎጆ? ሰው አይፈሩም?» ይላሉ። እኔም ቀስ ብዬ «ገበያው ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ መንገዱን ተሻግረው በማዶ በኩል ብቻቸውን ሄዱ፤ እኔ በወዲህ በኩል ብቻዬን እየሳቅሁ።

እዚህ ላይ ደብዳቤው ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር።

በመጨረሻ ያገኘነው ደላላ ቆብ ያደረገ ወጣት ነው። ለሰፈሩ አዲስ ነው፤ ቢሮው ዋናው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ወንበር ናት። «አንድ የጓሮ ክፍል አለ» አለን። «ገና አልተለቀቀም፤ ተከራዮቹ ረከስ ያለ እንዳፈላልግላቸው ነግረውኛል። ቀድማችሁ እዩት።» ተነስቶ በቀጭኗ የኋላ መንገድ ይዞን ገባ። አባባ በዚያ መንገድ ሄደው አያውቁም። እሳቸው በፊት ለፊቱ በር ካልሆነ አይወጡም፣ አይገቡም።

የልብስ ሰፊው መስኮት ላይ የቆመችውን እጅ የሌላት አሻንጉሊት ሳይ ገባኝ። ከዚያ የሚንጠባጠበው ቧንቧ መጣ። ከዚያ የራሳችን አጥር በጀርባው በኩል። አባባ ለጫማቸው ሲሉ ዓይናቸው ጭቃው ላይ ስለነበር ምንም አላስተዋሉም። እጃቸውን ልጎትት እችል ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። በልቤ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩልሽ ነበር፤ እዚህ ቦታ ላይ ስትደርሺ እንዴት እንደምትስቂ እያሰብኩ።

ባለቆቡ ደግሞ ወደ ኋላ እየዞረ ያጫውተናል። «ክፍሏ ደህና ናት። ክፉው አከራዩ ነው። ሽማግሌ ነው አሉ፤ ‹ጭማሪ› ነው የሚሉት። ጣሪያው ያፈሳል ሲሉት አይሰማም፤ ኪራይ ሲባል ግን ጆሮው ይቆማል። የገዛ ልጁ እንኳ ከነባሏ ጥላው ሄዳለች ይባላል።»

አባባ ቆሙ። አጥሩን አዩ። እኔን አዩኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

ባለቆቡ በኋላው መንገድ በኩል ያለውን በር አንኳክቶ ነበር።

የከፈተችው ነርሷ ናት። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ አንድ እግሯን ጫማ አድርጋ ሌላውን በእጇ ይዛለች። ከኋላዋ አልጋው ወደ መሃል ተስቦ፣ አልጋው በነበረበት ቦታ ከጣሪያው የሚወርደውን ጠብታ የሚቀበል ባልዲ ተቀምጧል። ባለቆቡን አየች፤ አባባን አየች፤ ፊቷ ልክ እንደ ግድግዳው ሆነ። አከራዩ መልቀቃችንን ሰምቶ ሰው ሊያስገባብን ነው ብላ እንዳሰበች ወዲያው ገባኝ።

«አባባ፣ ገና አላገኘንም» አለች። «ሰው ከማምጣትዎ በፊት እስከ ወሩ መጨረሻ ይታገሱን። ጭማሪውንም እንከፍላለን። ዕቃችንን የት እናደርገዋለን?»

ባለቆቡ ተራ በተራ አየን፤ ቆቡን አወለቀ፤ «እርስዎ… ኖት እንዴ?» አለና ቆቡን በአፉ ላይ አደረገው፤ የተናገረውን ሁሉ መልሶ ሊሰበስብበት ይመስል። ይኼኔ ሳቄ አመለጠኝ። የሳቅኩት በባለቆቡ ነው፤ እታለሜ፣ እምልልሻለሁ፣ በእሱ ነው። ነርሷ ግን ያየችው እሷ ስትለምን የአከራይዋ ልጅ ስትስቅ ነው። ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጣሪያው ያፈሳል ሲባል ሰምቼ ነው» አሉ አባባ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር። «እሱን ላይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ዞረው ሄዱ። በነርሷ ክፍል አቋርጠን በሌላኛው በር ብንወጣ ጓሯችን ነው፤ ቤታችን ነው። አባባ ግን ያንን ጭቃ ሁሉ፣ ቧንቧውን፣ አሻንጉሊቷን መልሰው አልፈው ዙሪያውን በፊት ለፊቱ በር አስገቡኝ። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከአሻንጉሊቷ ጀምሮ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ ተካካስን እል ነበር። እማዬ «ምን አገኛችሁ?» ስትል «ጊዜው ከብዷል» አሉ። ይህችን ቃል ለማውጣት እናንተ መሄድ ነበረባችሁ።

በማግስቱ መሰላሉን ተሸክመው ወደ ጓሮ ገቡ፤ እኔን ያዢልኝ አሉ። እማዬ ሠራተኛ እንጥራ ብትላቸው አልሰሟትም። ያንን የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው፣ ሚስማሩን በአፋቸው ነክሰው ጣሪያው ላይ ወጡ። ነርሷ ሥራ ሄዳ ነበር። ብዙ ከመቱ በኋላ መዶሻውን አቆሙ።

«ጩጬ» አሉኝ ከላይ፣ በሚስማሩ መሃል። «ቁምሳጥኑ ጀርባ ይበርዳል እንዴ?»

«አይበርድም፣ አባባ። ይሰማል።»

ገብቶ ያለቀውን ሚስማር እንደገና መምታት ጀመሩ። እኔም መሰላሉን ይዤ መሬት መሬቱን አየሁ።

ከጣሪያው እንደወረዱ የነርሷን ባል ጠብቀው አናገሩት። ጭማሪ የለም፣ ጣሪያውም አያፈስም፣ ተቀመጡ አሉት። ባሏ አመሰገናቸው። ግን ያን ዕለት እኛ ከሄድን በኋላ ነርሷ በድንጋጤ ወጥታ ያገኘችውን የመጀመሪያ ክፍል ቀብድ ከፍላበት ነበር፤ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ከመጨረሻው ቦታ አልፎ፣ በእግር የሚኬድበት። ሥራዋ ደግሞ የሌሊትም አለው። ቀብዱ አይመለስም። ሲለቁ ክፍሉን አጥበው፣ ቁልፉን ለእማዬ ሰጥተው ሄዱ። ዕቃ ላግዝ ብዬ ሄጄ ነበር፤ ነርሷ «ደህና ነው፣ ተዪው» አለችኝ፤ እንደማታውቀኝ ሰው በጨዋነት። ያን ዕለት የሳቅኩት በቆቡ ነው ልላት ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያብራሩት ይብሳል። አላልኳትም።

አሁን ክፍሉ ባዶ ነው። ደላሎች ይመጣሉ፤ ባለሁለት ስልኩም መጣ። አባባ ሁሉንም በር ላይ «ሰው አለበት» ብለው ይመልሷቸዋል። እማዬ «ማን አለበት?» ስትላቸው ግድግዳው ደርቆ እንደሆነ ሊያዩ ይሄዳሉ። ቀለም ቀብተውታላ። አንቺ የምትወጂውን ነጣ ያለ አረንጓዴ። «ቤት ውስጥ የተረፈ ነው» ይላሉ፤ ጣሳው ላይ የሱቁ ዋጋ ተለጥፎ እያለ። በሩ ላይ ደግሞ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አስገጥመዋል። ገጥመው ሲጨርሱ ወደ ውስጥ ገቡና ዘግተው እኔን ከውጭ «አንኳኪ» አሉኝ። አንኳኳሁ። አልከፈቱልኝም። ትንሽ ቆይተው ወጡና «ይሠራል» አሉ።

ጥርሳቸው ግን ተሰንጥቋል። ያን ሁሉ ሚስማር ሲነክሱ ነው። ስንጥቋ ፀጉር ታህላለች፤ በብርሃን ካልሆነ አትታይም። እማዬ እዚህ ያለ ቴክኒሺያን ጋ ሂድ ብትላቸው «የሠራው ሰው ነው የሚያውቀው» ብለው አውልቀው ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጡት። ዳቦ በሻይ እያራሱ ይበላሉ። ያለ ጥርስ «እኔ በእሱ ዕድሜ» ማለት ያስቸግራል መሰለኝ፤ ብለው አያውቁም።

እኔ ኑ አልልሽም። የጓሮ ክፍል የራስ ቤት አይደለም፤ የፈለጋችሁትም እሱን አልነበረም። ክፍሉ ባዶ የሆነው ሌሎች ሁለት ሰዎች ከመጨረሻው የአውቶቡስ ማቆሚያ ማዶ ስለሄዱ መሆኑንም ኋላ ከሌላ ሰምተሽ ከምታኮርፊኝ አሁኑኑ ከእኔ ዕወቂው። እኔ በዚያ በር ሳልፍ አሁንም ባልዲው ይታየኛል። ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ተራው የእኔ ነው፤ እስካሁን የሳቅሁበት ሁሉ ጥጉ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።

አባባ ስለ ክፍሉ ምንም እንዳልጽፍልሽ አስጠንቅቀውኛል። «ሁሉም ደህና ናቸው በያት፤ ሌላ አትዘባርቂ።» እና ሁላችንም ደህና ነን።

እማዬ የምታስተላልፈው ምርቃት ይኼ ነው፦ እጃችሁ የያዘው ይበርክት፣ ደጃችሁ የራሳችሁ ይሁን፣ ማታ የምትዘጉት በር አይጥፋባችሁ። የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እማዬም አሜን ብላለች።

ልዘጋው ስል አባባ ከኮቶቹ ማዶ «ጨረስሽ?» አሉኝ። ጨርሻለሁ አልኳቸው።

«የጥርሱን ነገር ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ።»

የተኙ መስሎኝ ወረቀቱን ሳጥፍ እንደገና ሰማኋቸው።

«ስንጥቁ ትልቅ ነው በያቸው።»

እታለሜ፣ ስንጥቁ በጣም ትልቅ ነው።

ያፈረችው እህትሽ
ጩጬ